ያልደረቀው በር

ምትኩ የፊታውራሪ ካሳን አዲስ ላንድሮቨር ሲያጥብ ያየ ሰው የሚያጥበው ሕፃን ይመስለው ነበር። ሁልጊዜ በጥላ ነው። አቧራው በራሱ እስኪወርድ ድረስ ውሃውን ከላይ ቀስ አድርጎ ያፈስሳል፤ እስከዚያው በእጁ አይነካትም። አሸዋ ከጨርቅ ሥር ከገባ ቀለሙን እንደ ሚስማር እንደሚጭረው ደሴ ከተማ መንዳት ሲማር ነግረውታል። ከዚያ ባረጀ ነጠላ ያደርቃታል። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ሰም በላምባ አላልቶ፣ ፊቱ በሰማያዊው ቀለም ላይ እስኪታይ ይወለውላታል።

ሾፌር ከመሆኑ በፊት የፊታውራሪን በቅሎዎች ይጠብቅ ነበር። ቁልፉን የሰጡት ቀን፣ «ቀለሟን ካስላጥህ ወደ በቅሎዎችህ ትመለሳለህ» ብለውት ስቀዋል። እሱ ግን አልሳቀም። ይታየሽን ያገባው፣ ቤትም የተከራየው በዚህ ቁልፍ ነው።

በ፲፱፻፷፫ ዓመተ ምሕረት፣ ጥር ሊያልቅ ሲል፣ አንድ ማክሰኞ ማለዳ የይታየሽ ታላቅ ወንድም አስማረ ከዋግ ዝቋላ በኩል ሌሊቱን ሲጓዝ አድሮ ሰቆጣ ገባ። ይታየሽ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ፣ እንደ አገሩ ልማድ፣ እናቷ ቤት ከሄደች ወር ሆኗት ነበር።

«ምጥ ከያዛት ሁለተኛ ቀኗ ነው» አለ አስማረ፣ ሳይቀመጥ። «ልጁ እምቢ ብሏል። በቃሬዛ ይዘዋት ወጥተዋል፤ ሲነጋ ሾላዋ ሥር ይደርሳሉ። ከዚያ ወዲህ መኪና ያልፋል ብለውኛል። ጤና ጣቢያ እናድርሳት።»

ምትኩ ወደ ፊታውራሪ ሮጠ።

«ውሰዳት እንጂ! ምን ቆመህ ታየኛለህ?» አሉት። በሩን ሊወጣ ሲል ግን ጠሩት። «ምትኩ፣ እሑድ እንግዳ እንደምንቀበልባት አትርሳ።»

ይህችን ብቻ ነው ያሉት።

ወደ ሾላዋ የሚወስደው የጭነት ከብት መንገድ ግራና ቀኙ ግራር ነው፤ የተጫነች በቅሎ እንኳ እየታከከች ነው የምታልፈው። ምትኩ ቁልፉን እንደያዘ መኪናዋ አጠገብ ቆመ።

«አያ አስማረ፣ ግራሩ ይልጣታል።»

«ማንን?»

«መኪናዋን።»

አስማረ ግራር የቦጫጨረውን ቅልጥሙን አየ። «እንግዲያ ጭቃ ለቅልቃታ!» አለ በንዴት። «እናቴ ጎተራዋን እንደምትለቀልቀው!»

እሱ ለስድብ ነበር። ምትኩ ግን ከሰማይ እንደወረደ ምክር ያዘው። ከጎረቤት ወንፊት ተውሶ አሸዋውን ለመለየት አፈር መንፋት ጀመረ።

«የምርጊት አፈር በወንፊት ሲነፋ ዛሬ ገና አየሁ» አለ አስማረ። «ልትጋግረው ነው?»

«አሸዋ ካለበት እሱ ራሱ ይጭራታል፣ አያ። አንድ ጊዜ ነው፤ አሁን እንጨርሳለን።»

ጭድና እበት ጨምሮ አቦካው። አስማረም ሥራው ቶሎ ያልቅ እንደሆነ ብሎ እጅጌውን ሰበሰበና አገዘው። ሲጨርሱ ሰማያዊዋ መኪና በሮችና መስኮቶች ያሉት ጎተራ መሰለች። ፀሐይ ወጣች።

«በል ግባ» አለ አስማረ።

«ትንሽ ይድረቅ። እርጥብ ጭቃ እሾህ ያሳልፋል።»

«ምትኩ፣ እህቴ ናት።»

«ለኔስ ሚስቴ አይደለችም? ከሥራ ከወጣሁ በምን ላኖራት ነው?»

«መጀመሪያ ራሷ ትኑርልህ!»

ምትኩ እየዞረ በጣቱ ጫን ጫን እያደረገ ጭቃውን ይሞክር ነበር። የመኪናዋ ፊት ደረቀ፤ ግራዋ ደረቀ። የአጥሩ ጥላ ያረፈበት የቀኙ የኋላ በር ግን እንደ ረጠበ ነው። አራት ሰዓት ሲሆን አስማረ ጋቢናውን ከፍቶ ገባና፣ «ወይ ንዳት፣ ወይ ቁልፉን ስጠኝ፤ ገደል እከታታለሁ እንጂ አንተን አልጠብቅም» አለ።

ሄዱ። እሾሁ የደረቀውን ጭቃ ሲፍቅ ይሰማል። በተፋቀ ቁጥር ምትኩ፣ ጭቃው እንጂ ቀለሙ አይደለም እያለ ልቡ ያርፍለት ነበር።

ሾላዋ ሥር ሰዎች ተቀምጠዋል። የመኪናውን ድምፅ ሰምተው አንድም የተነሣ የለም። ምትኩ ያወቀው ያኔ ነው።

አማቱ ወለተ ሐና በኸምጣኛ ያለቅሱ ነበር። ሲያዩት ወደ አማርኛ ተመለሱ። «ማልደን ነው የደረስነው ልጄ። የነፋስ ድምፅ በሰማች ቁጥር፣ ‹ምትኩ ነው፣ መጣልኝ› ትል ነበር። አሁን ነው ያረፈችው፤ ልጁም በሆዷ እንዳለ። ገላዋ ገና ሙቅ ነው። ምን ያዘህ?»

ሴትዮዋ እስከ ክርኑ በጭቃ የተለወሰውን እጁን አዩ፤ መኪናዋን አዩ።

«ጭቃ ውስጥ ገብታችሁ ነው?»

ከመስከረም ወዲህ በዚያ አገር ጠብታ አልወረደም። መሬቱ ተሰነጣጥቋል። አስማረ ምትኩን ረዘም አድርጎ ተመለከተውና ፊቱን አዞረ።

«አዎ እማ» አለ። «ጭቃ ያዘን።»

በማግሥቱ ከአያቶቿ ጎን ቀበሯት። ምትኩ ቅዳሜ ሰቆጣ ተመለሰ። ፊታውራሪ፣ «እግዚአብሔር ያጽናህ» አሉት፤ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገውም ነገ እንግዳው እንደሚመጣ አስታወሱት።

መኪናዋን ጥላ ውስጥ አቁሞ ውሃውን ከላይ ቀስ አድርጎ አፈሰሰ። ጭቃው እየተሸራረፈ ወረደ። የፊቷ ቀለም ጥርት ብሎ ወጣ። የግራዋም እንደዚያው ነው። በመጨረሻ ሳይደርቅ የሄደው የቀኙ የኋላ በር ቀረ። ባዶ እጁን አሳረፈበት። በጭቃው ላይ እሾህ ያረሰው ትልም ከጫፍ እስከ ጫፍ ይታያል፤ ከሌላው ቦታ ሁሉ ይጠልቃል። ውሃ አፈሰሰበት።

ከሥሩ ፊቱ ታየው። ቀለሙ አልተነካም፤ እርጥቡም ጭቃ እሾህ አላሳለፈም።

ጎንበስ ብሎ በጥፍሩ ፈለገ፤ አንዲት ጭረት፣ ጸጉር የምታህል። በመዳፉ ዳበሰ፤ ጉንጩን አስጠግቶ በአግድም አየ። ከላይ ወደ ታች ጨርሶ እንደገና ከላይ ጀመረ።

ፊታውራሪ ከኋላው መጥተው ቆሙ። «እሰይ! አንድም ጭረት የለባትም።»

«የለባትም ጌታዬ» አለ ምትኩ፣ ቀና ሳይል፤ ጣቱም ከበሩ ላይ አልተነሣም።