ያልተከፈተ ሆድ

ባሌን ሆዱን ሲያመው ሁላችንም «ጨጓራ ነው» ብለን አለፍነው። ጨጓራ የሌለበት ማን አለ? ትኩሳቱ ሲያንቀጠቅጠውና የቀመሰውን ሁሉ ሲያስመልሰው ነው ሆስፒታል የወሰድነው። ዶክተሯ ሲቲ ስካኑን አየች፣ በካሜራም ውስጡን አየች፤ የጨጓራው ግድግዳ መግል ይዟል አለችን። እንዲህ ያለ በሽታ ብዙም አጋጥሟት እንደማያውቅ አልደበቀችንም።

«ታዲያ ምን ትጠብቃላችሁ? ኦፕራሲዮን አድርጉትና አውጡለት እንጂ!» አለ ዋርሳዬ፣ የባሌ ወንድም። ከባሌ ጋር አንድ ሱቅ ውስጥ ሶፋ ያድሳሉ፤ ለሱ የተበላሸ ነገር ሁሉ ይቀደዳል፣ ይጠረጋል፣ ይሰፋል።

«መግሉ አንድ ቦታ ቢጠራቀም ኖሮ እናወጣው ነበር» አለች ዶክተሯ። «ግን ግድግዳው ውስጥ ተሰራጭቷል። እንክፈት ካልን ጨጓራውን በሙሉ ማውጣት ሊኖርብን ነው፤ አሁን ያንን የሚችል አቅም የለውም። ጀርሙን ለይተናል፣ መድኃኒቱን በደም ሥሩ እንሰጠዋለን። እስከዚያ በአፉ ምንም አይግባ።»

እኔስ ምን ልሥራ? አላበላው፣ አላጠጣው። ብርድ ልብሱን አስተካክላለሁ፣ ያስተካከልኩትን መልሼ አስተካክላለሁ። መድኃኒቱ ጠብ ጠብ ሲል ዓይኔን ተክዬ እውላለሁ። ነርሷ «እትዬ፣ ስላፈጠጡበት አይፈጥንም እኮ» ብላ አሳቀችኝ፤ ሳቄ ሳያልቅ እንባዬ መጣ።

ትኩሳቱ በረድ ሲልለት ባሌ መጀመሪያ ያደረገው እጁን ሸሚዙ ሥር ሰዶ ሆዱን መዳበስ ነበር። ከላይ እስከ ታች ዳበሰው። ስፌት የለም።

«አልከፈቱኝም?»

«በመድኃኒት እያከሙህ ነው። ደግሞ እየተሻለህ ነው።»

እጁን አወጣና ብርድ ልብሱን ወደ ላይ ሳበ። ነገሩ የገባኝ ቆይቶ ነው። ደንበኛ እንጨቱ በስብሶ የማይጠገን ሶፋ ሲያመጣ ባሌ አይከፍተውም። «ምንም አይልም፣ ትንሽ ይቀመጡበት» ብሎ በክብር ይመልሰዋል፤ ሰው ማሳፈር አይወድማ። ዶክተሯ መጥታ «ጎሽ፣ ጥሩ ሁኔታ ላይ ነዎት» ስትለው አንገቱን ነቅንቆ አመሰገናት። ከዚያ ወንድሙን ጠርቶ ሱቁን አደራ አለው።

ዋርሳዬ ወደ ኮሪደሩ ወጥቶ እንደ ሕፃን አለቀሰ። «እውነቱን ንገሪኝ፣ እኔም ወንድሙ ነኝ!» እያለ በበሽተኛው ላይ የኔን ጨጓራ ላጠው። ማልኩ፣ ተገዘትኩ። ዶክተሯን ለመንኳትና አዲሱን ሲቲ ስካን አሳየቻቸው፤ እብጠቱ ቀንሷል። ሁለቱም በትሕትና አዩላት። ብው አልኩ። ሰው መዳኑን እንዲያምን ይለመናል? ለበሽታው መድኃኒት ተገኘለት፤ ለዚህ አለማመን ግን እኔ ምንም አልነበረኝም።

ሾርባ በተፈቀደለት ቀን ማንኪያውን ሳቀርብለት ፊቱን አዞረ።

«ተይው፣ አታባክኚው።»

«ካልበላህ አቅሙን ከየት ታመጣዋለህ? ኧረ ስለ እኔ ብለህ!» አልኩት። እንባዬ ጉንጬ ላይ ወረደ።

ዞሮ አየኝ። በዚያ በከሳ እጁ ጉንጬን ጠረገልኝና አፉን ከፈተ። እየታገለ ዋጠው።

«ይኸው በላሁልሽ፣ የኔ እናት። በቃ አታልቅሺ» አለኝ። «ወንድሜ ጥሩ ሰው ነው፤ እኔ ባልኖርም አይጥልሽም።»

ሌላ ማንኪያ ሞልቼ አቀረብኩለት።