ዘጠነኛው ድንጋይ

ቤንዚን ቡታጅራ የሚገባበት ቀን አይታወቅም። ስለዚህ እኛ ባጃጆች ማደያው በር ላይ ሰልፍ የምንይዘው በድንጋይ ነው። ሾፌሩ የባጃጁን የጎን ቁጥር ድንጋይ ላይ በጠመኔ ይጽፍና ተራው ላይ አስቀምጦ ወደ ሥራው ይሄዳል፤ ድንጋዩ ስለ እሱ ይቆማል። ቦቴው ሲገባ ሁሉም እየተጣደፈ መጥቶ ባጃጁን ድንጋዩ ያለበት ቦታ ያስገባል። የሰው ድንጋይ አይነካም። በድንበር የተካሰሱ ሰዎች እንኳ አንዱ የሌላውን ድንጋይ አይነካም። ይህን የሚያስከብረው እኔ ነኝ፤ ሸምሶ እባላለሁ።

የባጃጅ ማህበሩ ተራ አስከባሪ ያደረገኝ ድምፄ ትልቅ ስለሆነ ነው እንጂ ስለተማርኩ አይደለም። ከአስራ አንደኛ ክፍል አላለፍኩም። ያላሳለፈኝ ሰው ደግሞ ስም አለው፤ መምህር ገብረእግዚአብሔር ይባላል።

ነገሩ ሃያ ዓመት ሆኖታል። ያኔ ከኮሌጅ ወጥቶ ከሰሜን የመጣ፣ ጫማው የሚያብረቀርቅ ወጣት ነበር፤ ኢኮኖሚክስ ያስተምረን ነበር። እኔ በገበያ ቀን ከአባቴ ጋር የበርበሬ ጆንያ ሳወርድ ቆይቼ ነው ክፍል የምገባው፤ ልብስ የምቀይርበት ጊዜ የለኝም። ያን ቀን የታዳጊ አገር ችግሮች የሚለውን ምዕራፍ ጀምሮ ስለ ስውር ሥራ አጥነት ያስረዳል። ለአምስት ሰው የሚበቃ ማሳ ላይ አስር ሰው ቢያርስ አምስቱ የሠሩ ይመስላቸዋል እንጂ አልሠሩም፤ ብታነሷቸው ምርቱ አይቀንስም፣ አለ። እኔ በሩን ከፍቼ ገባሁ። የፊተኛው ወንበር አስነጠሰ፤ ሁለተኛውም አስነጠሰ። እሱ ራሱ አስነጠሰና በጠመኔው ወደ እኔ ጠቆመ።

"ለምሳሌ ይሄን ልጅ ከዚህ ክፍል ብናነሳው ምን ይጎድላል?"

"በርበሬው!" አለ አንዱ ከኋላ።

ክፍሉ ተንጫጫ። እሱም ሳቀ፤ ሲስቅ ጥርሱን አይቼዋለሁ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሜ "ስውሩ" ሆነ፤ አንዳንዱ እስከ ዛሬ በዚያ ይጠራኛል። አንድ ሳምንት ቻልኩት። ከዚያ ደብተሬን አባቴ በርበሬ እንዲጠቀልልበት ሰጠሁትና ቀረሁ። የት ሄደ ብሎ የጠየቀ የለም።

አምና መጋቢት ላይ አንድ ነጭ ጋውን የለበሰ፣ ፀጉሩ ከግንባሩ የሸሸ ሰው አሮጌ ባጃጅ እየነዳ ማደያው ደረሰ። ሳየው ወዲያው አወቅኩት፤ መምህሩ ነው። ጫማው ተረከዙ ጋ ተበልቷል።

"ወንድሜ፣ አዲስ ነኝ። ሰልፉ እንዴት ነው የሚያዘው?" አለኝ።

"ባጃጁ ያንተ ነው?" አንተ ያልኩት ሆን ብዬ ነው።

"የሰው ነው። ከትምህርት ቤት መልስ ነው የምነዳው። ደሞዙን ታውቀዋለህ፣ ሦስት ልጆች አሉኝ።"

"አላወቅከኝም?"

ትክ ብሎ አየኝ። ሃያ ዓመት ስንት ነገር አዘጋጅቼለት ነበር። በሠርጌ ቀን ሳይቀር አስቤዋለሁ።

"ይቅርታ፣ ብዙ ሰው አስተምሬያለሁ። ተማሪዬ ነበርክ እንዴ?"

"አይ፣ ተሳስቼ ነው" አልኩትና ድንጋይ የሚለቅምበትን ቦታ አሳየሁት። ከጋውኑ ኪስ ጠመኔ አውጥቶ ቁጥሩን በዚያ በሚያምር እጅ ጽሑፉ ጻፈ። የሌሎቻችን ድንጋይ ጭረት ነው፤ የእሱ ሰሌዳ ይመስላል።

እንግዲህ ማወቅ ያለባችሁ፣ ልጄ ሲና በዚያው ዓመት አስራ ሁለተኛ ክፍል ነበረች፤ የሚያስተምራትም እሱ ነው። ብሔራዊ ፈተናው ሰኔ መጨረሻ ጉብሬ ባለው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ነው። በቤታችን አስራ ሁለት የደረሰ ከእሷ በፊት የለም። ማታ እራት ላይ ስሙን ሳታነሳ አታድርም።

"አባ፣ ሒሳቡ አያወጣኝም፤ እኔን የሚያወጣኝ ኢኮኖሚክስ ነው። ሁለቱ መምህራን ለቀው እሱ ብቻ ቀርቷል፤ ቅዳሜ ሳይቀር በነፃ ያስጠናናል። የመጨረሻውን ምዕራፍ እንደጨረስን ያለፉትን ፈተናዎች ሊያሠራን ነው።"

"እሱ ነው የሚያወጣሽ?" አልኳት።

"ታውቀዋለህ እንዴ?"

"ባጃጅ ነጂ ነው። ሁሉንም አውቃለሁ።"

ሚያዝያ ላይ በአንድ ረቡዕ ጠዋት ቦቴው መንገድ ላይ ነው የሚል ወሬ መጣ። ድንጋዩ ከማደያው በር እስከ መንገዱ ማዶ ተሰልፏል፤ ከስልሳ ይበልጣል። የመምህሩ ዘጠነኛ ነበር። እሱ ክፍል ገብቷል። የጻፈው ቁጥር ከሩቅ ይነበባል። ቆሜ ሳየው ቆየሁ። ከዚያ ጎንበስ ብዬ አነሳሁትና ከማደያው ጀርባ ካለው ቦይ ውስጥ ወረወርኩት። አስረኛውን በእግሬ ገፋሁት፤ ክፍተቱ ተዘጋ።

ራምዚ የሚባል ሾፌር አይቶኝ ነበር፤ የእሱ ድንጋይ አስራ አንደኛ ነው።

"ኧረ ስውሩ! የሰው ድንጋይ ይነሳል እንዴ? ወላሂ ሐራም ነው!"

"ምን ጎደለ?"

"አስተማሪ እኮ ነው ሰውዬው።"

"አንተ አስረኛ ሆነሃል። ወደ አስራ አንደኛ ልመልስህ?"

ራምዚ ድንጋዩን ራሱ ወደፊት አስጠጋው።

ስድስት ሰዓት ላይ መምህሩ ጠመኔ የነካው እጁን እያራገፈ መጣ። ሰልፉን ሁለት ጊዜ ከዳር እስከ ዳር ሄደበት። "ድንጋዬን ያየ አለ? ዘጠነኛ ነበርኩ።" ያየ የለም። ወደ እኔ ዞሮ "ሸምሶ፣ አንተስ?" አለኝ፤ ስሜን ይዞታል፤ ከማደያው እንጂ ከክፍል አይደለም። "ያለው ይኸው ነው" አልኩት። መጨረሻ ሄደና ቆመ፤ ሳይደርሰው ቤንዚኑ አለቀ። በዚያ ሳምንት የባጃጁ ባለቤት ማደያው ድረስ መጥቶ ሰው ፊት ጮኸበት። እኔ ቆሜ ሰማሁ፤ ጣፈጠኝ፣ አልዋሽም። በወሩ ውስጥ ድንጋዩን መጣሉን ሁለት ጊዜ ደገምኩት።

ከሦስተኛው በኋላ ድንጋይ ማስቀመጥ ተወ። ራሱ መቀመጥ ጀመረ። ከጠዋት ጀምሮ ጋውኑን እንደለበሰ ባጃጁ ውስጥ ቁጭ ይላል፤ መሪው ላይ የተማሪ ወረቀት ዘርግቶ ያርማል። አንዳንዴ ሁለት ቀን ይውላል።

ሲና ማታ እራቷን አልበላ አለች።

"ቲቸር ዛሬም አልገባም። ይሄ ስድስተኛ ቀን ነው። የስፖርት አስተማሪ ገብቶ ዝም በሉ እያለን ይቀመጣል።"

እናቷ ከድጄ "ታሞ ይሆናል" አለች።

"አልታመመም። ቤንዚን ሰልፍ ላይ ነው አሉ። አባ፣ አንተ አይደለህ ተራ የምታስከብረው? ድንጋይ አስቀምጦ እንዲመጣ ንገረውና።"

የጠቀለልኩትን ጉርሻ መልሼ ትሪው ላይ አኖርኩት።

በማግስቱ ሄድኩ። ባጃጁ ውስጥ ነበር፤ ወረቀት ሲያርም ቀና አላለም።

"መምህር፣ ድንጋይዎን አስቀምጠው ክፍል ይግቡ። እኔ እጠብቅልዎታለሁ።" እርስዎ ማለቴን የሰማሁት ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው።

"ሦስት ጊዜ አስቀምጬ ነበር።"

"ይኼኛው አይነሳም። ሸምሶ ይሙት!"

"በፊትም የምትጠብቀው አንተ ነበርክ" አለ። አውቆ ይሁን እንዲሁ ተናግሮ እስከ ዛሬ አልገባኝም። "ድንጋይ የሚነሳበት ሰልፍ ላይ ሰው ራሱ መቀመጥ አለበት።"

እኔ ነኝ ያነሳሁት ብል ኖሮ ይቅር ብሎ ይገባ ነበር? አላውቅም። ብል ደግሞ ለምን ይለኛል። ለምን ካለኝ በርበሬውን ልነግረው ነው፤ እሱ ደግሞ አያስታውሰውም። ተመልሼ ወደ ሰልፉ ሄድኩ። የማያስታውስን ሰው ይቅርታ መጠየቅ ከብዶኝ የልጄን ሁለት ወር አሳለፍኩት።

ግንቦት ሳያልቅ ባለቤቱ ባጃጁን ከመምህሩ ቀማ። ትምህርት ቤቱም በቀረበት ቀን ልክ ደሞዙን ቆረጠበት። ልጆቹንና ፍራሹን ጭኖ ወደ በርበሬው አገር ወደ ቆሼ ሄደ፤ አንድ የበርበሬ ነጋዴ ዘንድ ጆንያ ሲገባና ሲወጣ የሚመዘግብ ሆነ አሉ። ይህን የነገረኝ ራምዚ ነው። "ደስ አይልህም ስውሩ?" አለኝ። 

ሲና ፈተናውን ሄዳ ተፈተነች። ጉብሬ የሚወስደው አውቶቡስ ላይ ስትወጣ ደብተሯን ደረቷ ላይ አቅፋ ነበር። ውጤቱ መስከረም ላይ ሲለቀቅ በራምዚ ስልክ አየነው። ኢኮኖሚክስ ከመቶ አስራ ዘጠኝ። ማለፊያው ቀርቶ ለሪሚዲያል፣ ለማካካሻው ትምህርት እንኳ ስምንት ነጥብ ጎደላት። በእርግጥ ከትምህርት ቤቱ ያለፉት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ እሱ ቢኖርም ላታልፍ ትችል ነበር የሚሉኝ አሉ። እኔን ለማጽናናት ነው፤ የሚያጽናኑኝ ግን ነገሩን ሳያውቁ ነው።

የኢኮኖሚክስ ደብተሯን ተደብቄ ገለጥኩት። የተጻፈበት የመጨረሻው ገጽ ላይ የታዳጊ አገር ችግሮች ይላል፤ ከሥሩ ስውር ሥራ አጥነት ብላ ጽፋ ሁለት ነጥብ አድርጋለች። ከዚያ በኋላ ባዶ ነው። ሰላሳ ምናምን ንጹሕ ወረቀት።

ልዘጋው ስል በሩ ላይ ቆማ አገኘኋት።

"አባ፣ የቲቸርን ድንጋይ የት ጣልከው?"

ማን እንደነገራት አልጠየቅኩም። "ከማደያው ጀርባ፣ ቦዩ ውስጥ" አልኩ። አላለቀሰችም፤ ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር። ደብተሯን ከእጄ ወስዳ ወጣች።

ዝናቡ ሲያባራ ቦዩ ውስጥ ገብታ ፈልጋ አወጣችው። ቁጥሩን ውሃ አጥቦታል፤ የእሱ ለመሆኑ ማረጋገጫ የለውም፤ እሷ ግን ነው ብላለች። አሁን ማደያው በር ላይ፣ ዘጠነኛው ቦታ አጠገብ፣ እሱ ላይ ቁጭ ብላ ለሰልፈኛው ሻይ ትሸጣለች። ጠዋት ስደርስ ለእኔም ትቀዳልኛለች፤ ቀና አትልም። ባጃጆቹ ሲጠጉ አንዳንድ አዲስ ሾፌር ይጠይቀኛል።

"ያቺ ልጅ የተቀመጠችበት ድንጋይ የማን ነው? ይነሳ?"

"አይነሳም" እላለሁ።