በጎማ መፈንዳት ምክንያት

ኢፍቱ ሁንዴ ባለፈው ዓመት ጥቅምት ላይ ለብስክሌት ውድድሩ ዳኞች የተናገረችው ከአንድ ዓረፍተ ነገር አይበልጥም። «የፊት ጎማዋ የፈነዳ መሰለኝ» ነበር ያለችው። ዋና ዳኛዋ ወይዘሮ አሰፋች ቃሏን ሰምተው የወደቀችውን ተወዳዳሪ የመርዋን ብስክሌት አገላብጠው አዩት። የፊት ጎማው በድንጋይ ተተልትሎ ስላገኙት ሌላ ጥያቄ አላነሱም። መርዋ ሙህሲን «በጎማ መፈንዳት ምክንያት» ውድድሯን አቋርጣለች ተብሎ ተጻፈ። ኢፍቱም አንደኛ ወጥታ ሜዳሊያዋን አጠለቀች።

ነገሩ ግን እንዲያ አልነበረም።

ሁለቱ የአንድ ክለብ ልጆች ነበሩ። ኢፍቱ የተወለደችው ዛሬ የኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም የቆመበት መሬት ላይ፣ አባቷ ጤፍ በሚዘሩበት ዘመን ነው። መርዋ የሳሪስ አቦ ልጅ ናት፤ አባቷ ከስልጤ መጥተው እዚያው ሱቅ ከፍተው ቤተሰብ ያፈሩ ነጋዴ ናቸው። አራት ዓመት ጎን ለጎን ሲጋልቡ አንዷ የአንዷን ትንፋሽ እስከማወቅ ደርሰው ነበር። ዳገት የመርዋ ነው፣ ቁልቁለት የኢፍቱ። አሰልጣኛቸው ጃለታ ሁለቱን ቢያዋህዱልኝ አንድ ሙሉ ሰው ይወጣቸዋል እያለ ይቀልድባቸው ነበር።

ውድድሩ ከኮዬ ፈጬ ጀርባ ወደ ቂሊንጦ በሚወስደው ኮረኮንች መንገድ ላይ ነው የሚካሄደው። መጨረሻው ላይ አንድ ረጅም ቁልቁለት አለ፤ ከታች ትንሽ ድልድይ፣ ከድልድዩ ማዶ ደግሞ እስከ ማብቂያው መስመር የሚዘልቅ ዳገት። ቁልቁለቱ ሙሉ በሙሉ ልቅ ጠጠር ነው። በግራ ጠርዝ ብቻ የመኪና ጎማ የደለደላት፣ ለአንድ ሰው የምትበቃ ንጹሕ መስመር አለች። ባለፈው ዓመት በመጨረሻው ዙር እዚያ የደረሱት ሁለቱ ብቻቸውን ነበር። ኢፍቱ ከፊት ሆና በመሀል መንገዱ ስትወርድ መርዋ ያቺን መስመር ይዛ ከኋላዋ መጣች። ድልድዩ ጋ እኩል ከደረሱ ዳገቱ የማን እንደሆነ ኢፍቱ አሳምራ ታውቃለች። ዘወር ብላ አየቻት። አይታት ነው መሪዋን ወደ ግራ የጠመዘዘችው። የመርዋ የፊት ጎማ የእሷን የኋላ ጎማ ነካ፤ ብረት ከድንጋይ ሲጋጭ ተሰማ፤ ከዚያ ምንም አልተሰማም። ኢፍቱ ወደ ኋላ አልተመለከተችም።

መርዋ ጭኗ ሁለት ቦታ ተሰበረ፣ ራሷንም ተመታች። በሦስተኛው ቀን ስትነቃ ያ ዕሑድ ከአእምሮዋ ተፍቆ ጠፍቷል። ስለዚህ የሆነውን የምታውቀው ኢፍቱ ብቻ ሆነች። ሆስፒታል ሦስት ጊዜ ብርቱካን ይዛ ሄዳ ነበር። ሦስቱንም ጊዜ በመንገዷ ላይ ቃሉን ስታዘጋጅ ትሄድና በሩ ላይ ስትደርስ ይጠፋባታል። ከዚያ በኋላ የምሠራበት የልብስ ፋብሪካ ፈረቃ በዛብኝ ብላ ቀረች። መርዋ ቀኝ እግሯ አጠረ፤ በምርኩዝ መሄድ ስትጀምር ጃለታ ዙር ቆጣሪ አድርጎ ከክለቡ አላራቃትም። ሁለቱ ሲገናኙ ሰላምታቸው እንደ ድሮው ነበር፤ ኢፍቱን የሚያቃጥላትም እሱ ነው።

ዘንድሮ፣ ከውድድሩ በፊት ባለው ሐሙስ፣ ጃለታ ሁለት ጎማ እንድትገዛ ወደ መርዋ አባት ሱቅ ላካት። ከዚያ አደጋ ወዲህ ወደዚያ በር ዝር ብላ አታውቅም። ጋሽ ሙህሲን እንዳዩዋት ከመቀመጫቸው ተነሡ፣ በርጩማ አቀረቡላት፣ ከጎረቤት ሻይ አስመጡላት። ድሮ ጎማና ቸርኬ የሚንጠለጠልበት ግድግዳ ላይ አሁን መጥረጊያና የፕላስቲክ ሳፋ ተደርድሯል። የሳይክል ዕቃ መሸጥ እንደተዉ ነገሯት። ኢፍቱ ለምን ብላ አልጠየቀችም። እሳቸው ግን ሳይጠየቁ አወጉ፤ ምናልባት የልጃቸው ጓደኛ ስለሆነች፣ ምናልባትም የሚሰማቸው ስላጡ።

ያን ጎማ የገጠሙት እሳቸው ነበሩ። በውድድሩ ዋዜማ፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ መርዋ ጎማዋ አርጅቶባት መጣች። በልኳ አዲስ ስላልነበረ ትንሽ ያገለገለ ፈልገው፣ በጣታቸው ዳስሰው፣ ይይዛል ብለው በገዛ እጃቸው ገጠሙላት። እሷም አባቷን አምና ሄደች።

«ዙለይኻ አንድ ቀን ክፉ ቃል ተናግራኝ አታውቅም» አሉ፤ ስለ ሚስታቸው ነው። «ግን እኮ ዝም ስትል ይሰማኛል። ልጄን የሰበርኳት እኔ ነኝ።»

ኢፍቱ ሻዩን እንደያዘች ቀረች። ያቺ አንድ ዓረፍተ ነገር መርዋን ብቻ እንደጎዳች ነበር እስከዚያች ሰዓት የምታስበው። ወረቀት ላይ ተጽፋ ቀረች ያለቻት ነገር እዚህ ሱቅ ውስጥ ገብታ ከአንድ አባት ጋር ስታድር ስትውል እንደከረመች አላወቀችም። እንደ ምንም ብላ የእርስዎ ጥፋት አይደለም አለቻቸው። እውነቷን ነበር። ጋሽ ሙህሲን ግን እንደ ማጽናኛ ቆጠሩት፤ እንዲህ የሚላቸው ብዙ ሰው እንደሆነ ነግረው አላህ ይስጥልኝ አሏት፣ በር ድረስም ሸኟት።

ዕሑድ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ሠላሳ አንድ ሴቶች ተሰለፉ። ክረምቱ ከወጣ ሳምንታት ቢያልፉም መንገዱ በጎርፍ የተቦረቦረበት አልተደፈነም፤ ከላይ ግን ደርቆ አቧራው ገና በመጀመሪያው ዙር ጥርስ ውስጥ ገባ። ስድስት ዙር ነው። የፋብሪካ ሠራተኛ የጫኑ አውቶብሶች በትራፊክ ታግደው ቆመዋል፤ ሴቶች ከኮንዶሚኒየሙ በረንዳ ላይ ልብስ እያሰጡ ያያሉ። የኢፍቱ አባት አቶ ሁንዴ ድሮ አውድማቸው በነበረበት ቦታ፣ ከአንድ ሕንፃ ጥግ ቆመዋል። አይጮኹም፣ አያጨበጭቡም። ልጃቸው ባለፈች ቁጥር ባርኔጣቸውን ያወልቁና መልሰው ያደርጋሉ።

እስከ አምስተኛው ዙር ኢፍቱ ደኅና ነበረች። ቁልቁለቱን በቡድን ስለሚወርዱት ከፊቷ ያለችውን ልጅ ጀርባ እያየች ትወርዳለች፤ ሌላ ነገር ለማሰብ ፋታ የለም። ዳገቱ ላይ እግሯ እሳት ቢሆንም ታዘዘላት። በአምስተኛው ዙር ማብቂያ ሁለት ብቻ ተለይተው ወጡ፤ እሷና ከሐረር የመጣችው ከውሲ። ከውሲ ገና ሃያ ዓመቷ ነው፣ ፈሪ አይደለችም፣ ማርሽ አቀያየሯ ሲያዩት ደስ ይላል። ጃለታ ከመንገድ ዳር ቁልቁለቱ ላይ ጥለሻት ሂጂ እያለ ጮኸ። ኢፍቱም የምታስበው እሱኑ ነበር። ስለ ሐሙስ አላሰበችም። ውድድር ላይ ሰው እንዲያ ነው፤ የሚያየው መንገዱን ብቻ ነው።

ቁልቁለቱን ስትጀምር በመሀል መንገዱ፣ ከፊት ሆና ነበር። ግማሹን እንደወረደች ከኋላ በግራ በኩል ጎማ ደልዳላውን አፈር ይዞ ሲሽከረከር ሰማች። ዘወር አለች። ከውሲ በዚያች ጠባብ መስመር ላይ ጎንበስ ብላ፣ ዓይኗን ድልድዩ ላይ ተክላ እየመጣች ነው።

ኢፍቱ ያን ጊዜ ያደረገችውን በኋላ ጨዋነት ያሉት ሰዎች ነበሩ። እሷ ግን እንዲያ ተብሎ እንዲወራ ፈቅዳ አታውቅም። አላሰበችም፣ አልመረጠችም። ሁለት እጇ በራሱ ፍሬኑን ጨመቀ። የኋላ ጎማዋ ጠጠሩ ላይ ተንሸራተተ፣ ብስክሌቱ ተንቀጠቀጠ፣ በእግሯ መሬት ረግጣ ዳነች። ከውሲ ሽው ብላ አለፈች። ድልድዩ ጋ ስትደርስ ሌሎች ሁለት ደረሱባት፤ ዳገቱን የጨረሰችው አራተኛ ሆና ነው።

ጃለታ ውሃ ይዞ እየሮጠ መጣ። ቁልቁለት እንደ እናቷ ቤት የሆነላት ልጅ ፍሬን ለምን እንደያዘች ጠየቃት። ብስክሌቱን አስያዘችውና ወደ ዳኞቹ ድንኳን ሄደች። መርዋ ፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ ምርኩዟን ጉልበቷ ላይ አጋድማ የገቡትን ቁጥር ትጽፋለች። ኢፍቱ ሄልሜቷን እንኳ ሳታወልቅ ከሰው ራቅ እንበል አለቻት። ዕቃ ከጫነ አይሱዙ ጀርባ ሄደው ቆሙ።

«ጎማሽ አልፈነዳም» አለቻት። «እኔ ነኝ የዘጋሁብሽ። አይቼሽ ነው የዘጋሁብሽ።»

 ኢፍቱ ጥፊ ጠብቃ ነበር፤ ጥፊ ቢመጣ ደስ ይላት ነበር።

«የት ላይ ነበርን?» አለች መርዋ።

«ቁልቁለቱ ላይ። ድልድዩ ጋ ልንደርስ ትንሽ ሲቀረን።»

«ሁለታችን ብቻ?»

«ሁለታችን ብቻ።»

«ላልፍሽ ነበር?»

ኢፍቱ ይህን ጥያቄ አልጠበቀችውም። አንድ ዓመት ሙሉ ይቅርታ መጠየቅን፣ መሰደብን፣ መከሰስን ሁሉ አስባ ነበር፤ ይሄን ግን አላሰበችም። «ልታልፊኝ ነበር» አለቻት። «ዳገቱ ላይ ደግሞ አልደርስብሽም ነበር። ውድድሩ ያንቺ ነበር።»

መርዋ የሻርፗን ጫፍ ፊቷ ላይ አድርጋ አለቀሰች። ሆስፒታል ብረት እግሯ ውስጥ ሲገባ ያላለቀሰች ልጅ ናት። ኢፍቱ እጇን ዘርግታ፣ መልሳ ሰበሰበችው። መርዋ ዓይኗን ጠርጋ ምርኩዟን አስተካከለች። ለጋሽ ሙህሲን ዛሬውኑ፣ በራሷ አፍ እንድትነግራቸው አዘዘቻት። ከዚያ በኋላ እንዳታናግራት ጨመረችበት። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም።

ኢፍቱ መጀመሪያ ወደ ወይዘሮ አሰፋች ሄደች። ሴትዮዋ የምትለውን ሁለት ጊዜ አስደገሟት፤ ከዚያ ነጭ ወረቀት አውጥተው በእጇ አስጻፏት፣ አስፈረሟት። ጃለታ አጠገቧ ቆሞ ነበር፤ ስትጨርስ ባዶ የውሃ ጠርሙሱን በእጁ እየጨፈለቀ ሄደ።

ሳሪስ ስትደርስ የአስር ሰላት አልፎ ጋሽ ሙህሲን ሱቃቸውን እንደገና እየከፈቱ ነበር። ማልያዋ ላይ ያለው አቧራ ገና አልረገፈም። አልተቀመጠችም። በሩ ላይ ቆማ፣ ከመጀመሪያው ጀምራ፣ ሳትሸፋፍን ነገረቻቸው። እሳቸው የበሩን ቁልፍ እንደያዙ ሰሙ።

«ጎማው ይዞ ነበር ነው የምትይኝ?»

«ይዞ ነበር ጋሽ ሙህሲን። ምንም አልሆነም ነበር። የተተለተለው ከወደቀች በኋላ ነው።»

አንዴ ደግመው ጠየቋት፣ አንዴ ደግማ መለሰች። ከዚያ ሐሙስ ዕለት እዚያ ተቀምጣ ሲያወጉላት ታውቅ እንደነበር ጠየቋት። አውቅ ነበር አለች። ጋሽ ሙህሲን በቀስታ በርጩማው ላይ ተቀመጡ።  ስልካቸውን ከኪሳቸው አወጡ፤ ቁጥሩን ለማግኘት ጣታቸው ብዙ ጊዜ ሳተ። ሚስታቸው ሲያነሡ፣ «እንኪ፣ ለእሷም ንገሪያት» ብለው ሰጧት።

ኢፍቱ በዚያን ቀን ለአራተኛ ጊዜ ተናገረች። ከአራቱ ሁሉ የከበዳት ይሄኛው ነበር፤ ምክንያቱም ወይዘሮ ዙለይኻ አንድም ጊዜ አላቋረጧትም፣ ትንፋሻቸው ብቻ ይሰማ ነበር። ስትጨርስ ለእሱ ስጪው አሏት። ጋሽ ሙህሲን ስልኩን ጆሯቸው ላይ አድርገው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ሚስታቸው ምን እንዳሏቸው ኢፍቱ አልሰማችም። የሰውየው ትከሻ ሲንቀጠቀጥ ግን አየች፤ እዚያ መቆሟ ነውር እንደሆነ ገብቷት ወጣች።

ያለፈው ዓመት ሜዳሊያ ተመለሰ፤ ያን ጊዜ ሁለተኛ ለወጣችው ተሰጠ እንጂ ለመርዋ አልሆነም፣ መርዋ መስመሩን አላለፈችማ። የመዝገቡ ቃል ተሠርዞ በሌላ ተተካ። ኢፍቱ ሁለት ዓመት ታገደች። ክለቡም አሰናበታት። አባቷ ነገሩን ሲሰሙ ሁለት ቀን አላናገሯትም፤ በሦስተኛው ቀን እራት አቅርቡላት አሉ። አሁን ፈረቃዋን ጨርሳ አንዳንድ ጊዜ በዚያው መንገድ ብቻዋን ትጋልባለች፤ ቁልቁለቱን ግን ከብስክሌቷ ወርዳ እየገፋች ነው የምታልፈው።

በጥር ወር አንድ ቀን ከቂሊንጦ ሚኒባስ ስትሳፈር ባዶ የነበረው ወንበር አንድ ብቻ ነበር። አጠገቡ የተቀመጠችው መርዋ ናት። ኢፍቱ በሩ ላይ ቆመች፤ ረዳቱ ግቢ እንጂ አላት። መርዋ ቀና ብላ አየቻት፣ ከዚያ ምርኩዟን ወደ ራሷ ስባ ቦታ ለቀቀችላት። እስከ ቃሊቲ ድረስ ትከሻቸው በየጉድጓዱ እየተነካካ ሄዱ። መናኸሪያው ጋ መርዋ «ወራጅ አለ» አለች። ኢፍቱ ተነሥታ አሳለፈቻት፣ ምርኩዙንም አቀበለቻት። መርዋ ተቀበለቻትና ወረደች።