የቀትር ኢድ

የልጅ ልጄ ረዲ ሌላውን ሁሉ ሲረሳ ጾምን ብቻ አልረሳም። ጦርነቱ ከተማችን መርሳ የገባ ጊዜ የከባድ መሣሪያ ፍንጣሪ ራሱን መታው። ደሴ ታክሞ ሲመለስ፣ ያ ጎረምሳ እንደ ሕፃን የሚጠበቅ ሆኖ ነው የመጣ። ጧት ያበላሁትን ረፋድ ላይ አያስታውሰውም። ረመዳን ሲገባ ግን ከንፈሩን ገጥሞ ይቀመጣል።

የሚያስጨንቀኝ የቀትሩ ክኒን ነው። ሐኪሙ ጧት፣ ቀትርና ማታ ሳታጓድሉ ስጡት ብሏል። በጾሙ መግቢያ አንዱ ቀትር ቢያልፈው ደጃፉ ላይ ወድቆ ተንቀጠቀጠ፤ ምላሱን ነክሶ ደሙ ደረቱ ላይ ወረደ። ከዚያ ወዲህ ፀሐይ ወደ አናት ስትጠጋ ክኒኑን ይዤ አጠገቡ እቀመጣለሁ።

ሼህ አብዱልሐሊምን አስጠራኋቸው። «ልጄ፣ በሽተኛ ጾም የለበትም። አላህ ራሱ አንስቶልሃል» አሉት። «እሺ» ብሎ እጃቸውን ሳመ። ገና ከግቢው ሳይወጡ ውሃውን ባቀርብለት፣ «እማማ፣ እያወቁ ጾሜን ሊያስፈርሱኝ ነው?» አለኝ።

ያን ጊዜ አፌ ያመጣልኝን ተናገርኩ። «ዛሬ ኢድ ነው እኮ።»

ፊቱ በራ። ክኒኑን ዋጠ፣ ቂጣውን በላ። ከዚያ ግን «ሙስዐብስ?» አለ።

ሙስዐብ ታላቅ ወንድሙ ነው። ከብቶቹን ሊያመጡ አብረው እንደወጡ አብረው ተመቱ፤ ሙስዐብን በማግስቱ ቀበርነው። ይህን ለረዲ ነግሬው አውቃለሁ። መሬት ላይ እየተንከባለለ አለቀሰ። ሲነጋ እንደገና ጠየቀኝ፤ ብነግረው እንደ አዲስ አለቀሰ። ሦስተኛ ጊዜ አንጀቴ አልቻለም።

«ቀድሞህ ሄዷል። ከሶላት ሲመለስ ይመጣል» አልኩት።

በየቀትሩ ይህንኑ ስል ከረምኩ። እኅቱ ሉብና እየጾመች ትሰማኛለች።

«እማማ፣ እዚህ ቤት ኢድ በየቀኑ ሆነ። የእርስዎ ጾም ግን በውሸት ተሸርሽሮ አለቀ።»

«ስለ ጾሜ እኔ ከጌታዬ ጋር እነጋገራለሁ። አንቺ ወንድምሽን ደግፊ።»

ረዲ ቂጣውን እያኘከ ያሾፍባታል። «በኢድ ቀን ፊትሽን እንደ ጾመኛ ምን አጠቆረው?»

የእውነቱ ኢድ ደረሰ። የኢዱ ተክቢራ ከመስጊድ ሲሰማ፣ ሰው ሲያልፍ አይቶ ሙስዐብን እንዳይፈልግ በሩን ልዘጋ ነበር። ሉብና «ዛሬስ እውነት ነው፤ ይውጣ» ብላ ነጭ ጀለቢያውን አለበሰችው። ደጃፉ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ወንዶቹ ከሶላት ሲመለሱ «ኢድ ሙባረክ፣ ረዲ» እያሉ ያልፋሉ። እሱ በትከሻቸው ላይ አሻግሮ ያያል። መንገዱ ባዶ ሆነ።

ክኒኑን አመጣሁ።

«ሙስዐብ ይምጣና አብረን እንበላለን» አለ።

«አንተ ቅመስ፤ እሱ ይደርሳል።»

«ከሶላት ሲመለስ ይመጣል አላሉኝም?»

ደነገጥኩ። ዛሬ እንዲህ አላልኩትም። ከተመታ ወዲህ በልቡ ያደረ ነገር ቢኖር ይህ የኔ ውሸት ነው።

ፀሐይ አናት ላይ ወጣች። ለመንኩት፣ ተቆጣሁት፤ ሉብናም ለመነችው። ጥርሱን ገጠመ። በመጨረሻ ሉብና «ይንገሩት እንግዲህ» አለችኝ።

«ረዲ፣ ሙስዐብ ሞቷል። የዚያን ዕለት ሞተ፣ ልጄ።»

ሳቀ። «እማማ፣ በኢድ ቀን እንዲህ ይቀለዳል?»

ፊቱን ወደ መንገዱ መለሰ። ጥላው ከእግሩ ሥር መውጣት ጀመረ፤ የቀትሩ ሰዓት አለፈ። ሉብና ቢወድቅ ብላ ጋቢ አጥፋ ከድንጋዩ ሥር አነጠፈች። እኔ ከኋላው መሬት ላይ ተቀመጥኩ፣ ክኒኑን በአንድ እጄ ጨብጬ፣ ሌላውን እጄን ማጅራቱ ላይ አድርጌ።

«እየመጣ ነው?» አለኝ።

«ተደገፈኝ» አልኩት።