ከሦስት መቶ አምፔር በላይ

ግራፉ ጫፉ ላይ በቢላ የተቆረጠ ይመስላል። ነቢይት ወረቀቱን ብታገላብጠውም ያው ነው። ስሙን ያወጡላት የመሥሪያ ቤቷ ሰዎች ናቸው፤ የከተማውን የኤሌክትሪክ ፍላጎት የምትተነብየው እሷ ናትና።

ከሰዓት ስብሰባ አለ። ዘንድሮ የተገኘው ትራንስፎርመር አንድ ነው፤ ወይ ለፋብሪካዎቹ መንደር፣ ወይ ለወንዝ ማዶ ሰፈር። በእሷ ትንበያ መሠረት የወንዝ ማዶ ፍላጎት አምስት ዓመት ሙሉ ንቅንቅ አላለም። ሰፈሩ ግን ፎቅ በፎቅ ሆኗል።

ነገሩ አልዋጥልሽ ስላላት ማከፋፈያ ጣቢያው ድረስ ሄደች። ተረኛው ሽማግሌ መዝገቡን ገለጡላት።

«ጋሼ፣ ይኼ የወንዝ ማዶ መስመር ለምንድን ነው ከሦስት መቶ አምፔር የማያልፈው?»

«በየት በኩል ይለፍ? ሦስት መቶ ሲደርስ አጠፋዋለሁ።»

«በየቀኑ?»

«እሑድንም አልምር። እንዳይቃጠል አጥፋ ያላችሁት እናንተው አይደላችሁ?» ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን መመሪያ በአገጫቸው አሳዩዋት። «ስድቡን የምጠጣው ግን እኔ ነኝ። ሰፈርተኛው ከመደወሉ ብዛት ድምፄን ከዘመዶቼ በላይ ያውቀዋል።»

ከመመሪያው ግርጌ ያለው ፊርማ የእሷ ነው። ያኔ አዲስ ተቀጣሪ ነበረች፤ ፊርማዋም ከዛሬው ያምር ነበር።

ማጥፋቱስ ልክ ነው። የሰፈሩን አፍ ይዛ ስታበቃ አልራበውም ብላ መጻፏ ነው ጉዱ። ወንዝ ማዶ የምትኖረው ልብስ ሰፊ እህቷ ሁለተኛ ማሽን ገዝታ ጨርቅ አልብሳ አስቀምጣዋለች። እንዲህ ያለው ማሽን በየትኛው ግራፍ ላይ ይታያል?

ስብሰባው ላይ ሥራ አስኪያጁ ቃለ ጉባኤውን ወደ እሷ ገፋ አደረጉት። «ወንዝ ማዶ እንደምናውቀው ነው አይደል? በይ ፈርሚና ለፋብሪካዎቹ እንላከው።»

«አይደለም። ተሳስቻለሁ።»

መነጽራቸውን አወለቁ። «በስንት?»

የፈራችው ይህንኑ ነበር። «አላውቅም። ፍላጎታቸውን ለክተነው አናውቅም፤ የለካነው እኛ የምናጠፋበትን ነው። አንድ ወር ስጡኝ፣ ቤት ለቤት ሄጄ ልቁጠር።»

«አንዲቷን ትራንስፎርመር ‹አላውቅም› ላይ ልትተክያት? ፋብሪካዎቹ ወር አይጠብቁም።»

«ወንዝ ማዶ አምስት ዓመት ጠብቋል።»

ከወዲያ ጥግ አንዱ ሳቁን በሳል ሸፈነ። ሥራ አስኪያጁ አልሳቁም። ባዶ ወረቀት አቀበሏት። «በጽሑፍ አድርጊዋ። ተሳስቻለሁ የምትለዋንም እንዳትረሺ።»

ጻፈች፤ ፈረመች። አነበቡት፤ ደግመውም አነበቡት። ብዕራቸውን ግን ከኪሳቸው አላወጡም።

«እስኪ ቁጭ በይ» አሏት።

ይህን ሁሉ ጊዜ ቆማ እንደነበር ያወቀችው ያኔ ነው።