የዜባህ ግድግዳ

ጋሽ ሐቢብ በየአሥራ አምስት ቀኑ ቅዳሜ ከዙሪክ ጄኔቫ ይመጣሉ። ሦስት ሰዓት ሊሞላ ምንም ያልቀረው የባቡር መንገድ፣ ከዚያ ደግሞ የልጃቸው ቤት እስካለበት እስከ ግራንድ ሳኮኔ ሰፈር አውቶቡስ። ለምን ቢሉ፣ አውራ ጣት የምታህል የመንዙማ ማጫወቻ ኮምፒውተር ላይ ሰክተው ቻርጅ ሊያደርጉ! ኧረ ሰው ቢሰማ ምን ይላል? ልጃቸው ሰዓዳም የምትለው ይህንኑ ነበር።

«አባዬ፣ ግድግዳ ላይ እኮ ይሰካል። የቻርጀር ጭንቅላት ብቻ ነው የሚያስፈልግህ።»

«ግድግዳ?» ይሉና ማጫወቻዋን ከመሐረባቸው ይፈታሉ። «የግድግዳ መብራት ጨካኝ ነው። ኮምፒውተር ግን አብርዶ፣ መጥኖ ነው የሚሰጣት።»

እባብ ያየ በልጥ በረየ ነው። ደሴ ሳሉ መብራት ሄዶ ሲመለስ ቴሌቪዥናቸውንና ፍሪጃቸውን በአንድ ቀን አቃጥሎባቸዋል። ከዚያ ወዲያ ጎረቤቱ «መብራት መጣ!» ብሎ ሲጨፍር እሳቸው ሶኬት ሊነቅሉ ይሮጡ ነበር። ማጫወቻዋ ውስጥ ደግሞ ከመንዙማው ሌላ፣ ሰዓዳ በተዳረች ቀን የደሴ ሽማግሌዎች ያደረጉላት ዱዓ አለ። ጋሽ ሐቢብ ሁልጊዜ ከሱብሒ ሶላት በኋላ እሱን ይከፍቱና «አሚን» ይላሉ። የሰዓዳ ባል ፈሃድ አንድ ቀን «ኮፒ ላድርግልዎ» ቢላቸው፣ «ዱዓ መታወቂያ ነው እንዴ ኮፒ የሚደረገው?» ብለው አሳቁት።

የሰዓዳ ችግር ቅዳሜ ናት። ስድስት ቀን የሆቴል ማዕድ ቤት ቆማ ትውላለች፤ እግሯ የሚያርፈው በዚያች ቀን ብቻ ነው። አባቷ ሲመጡ ወጥ አለ፣ ጨዋታ አለ፣ ጣቢያ ድረስ መሸኘት አለ። በመጨረሻ መረራትና አንድ ቅዳሜ ሊወጡ ሲሉ የቻርጀር ጭንቅላት ከነማሸጊያው ኮት ኪሳቸው ውስጥ ከተተችላቸው።

«በቃ አባዬ፣ ከእንግዲህ አትንከራተት።»

ጋሽ ሐቢብ ኪሳቸውን ዳበስ አደረጉ። «እሺ፣ አላህ ይስጥሽ» ብለው ወጡ።

የሳቸው ተራ የነበረው የመጀመሪያው ቅዳሜ ሲደርስ ሰዓዳ እስከ እኩለ ቀን ተኛች። እንዴት ደስ አላት! በሁለተኛው ተራ ወጡ በዝቶባት አደረ። በሦስተኛው ፈሃድ «ኧረ አባትሽ ጠፉ» አለ። ስትደውል ደህና ነኝ ይላሉ።

«ብቅ በል እንጂ፣ አባዬ።»

«ለምን ጉዳይ?»

ይቺ «ለምን ጉዳይ» ናት ሰዓዳን እረፍት የነሳቻት። ጋሽ ሐቢብ የድሮ ሰው ናቸው። ልጁን የዳረ አባት ያለ ጉዳይ አማቹ ቤት አይመላለስም፤ በልጁ ጓዳ ሆዱን ሊሞላ መጣ ያሰኛል ይላሉ። እዚህ አገር ማን ይላቸዋል? ማንም! እሳቸውን ግን ያሳፍራቸዋል። ሰዓዳ ያን ጊዜ ገባት፤ የአባቷን ጉዳይ በገዛ እጇ ነጥቃቸዋለች። እንዲህ ከቀጠለ አባቷን በስልክ ብቻ ልታገኛቸው ነው። «እኔ ምን ዓይነት ልጅ ነኝ?» አለችና አለቀሰች።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ዙሪክ፣ ዜባህ ሰፈር፣ አባቷ ቤት ሄደች። ጋሽ ሐቢብ በሩን ሲከፍቱ ደነገጡ። «ምነው? ደህና አይደላችሁም?»

«ደህና ነን። ናፍቀኸኝ ነው» አለችና ገባች። ማጫወቻዋ ጠረጴዛው ላይ በመሐረብ እንደተጠቀለለች ናት። የቻርጀሩ ጭንቅላትም ከነማሸጊያው አጠገቧ ተቀምጧል። ሰዓዳ የማጫወቻዋን ቁልፍ ብትጫን ድምፅ የለም።

«መቼ ነው ያለቀችው?»

«ወር አልፏታል።»

«ወር ሙሉ ዱዓውን ሳትሰማ?»

«በቃሌ አውቀው የለ» አሉ፤ ዓይናቸው ግን መሬት መሬት ያያል። «ግድግዳው ቢያቃጥላት ከየት አመጣታለሁ? አንቺ ጋ እንዳልመጣ ደግሞ ዕቃውን ሰጥተሽኛል። በምን ፊቴ?»

ሰዓዳ ጭንቅላቱን አነሳች። ማሸጊያውን ቀደደች፤ ማጫወቻዋን ጭንቅላቱ ላይ፣ ጭንቅላቱን ግድግዳው ላይ ሰካች። ጋሽ ሐቢብ «ቢስሚላህ!» ብለው ሄደው ቆጣሪው አጠገብ ቆሙ፤ ጭስ ከሸተታቸው መብራቱን ሊያጠፉ። ትንሿ ቀይ መብራት በራች። አምስት ደቂቃ፣ አሥር ደቂቃ ጠበቁ። ምንም አልሆነችም። ሰዓዳ ቁልፉን ተጫነች፤ የደሴዎቹ ሽማግሌዎች ከዚያች ትንሽ ዕቃ ውስጥ ተነሡ።

«በሄደችበት ባዕድ አትሁን! ደጇ ወገን አይጣ!»

አባትና ልጅ እኩል «አሚን» አሉ።

ጋሽ ሐቢብ ከቆጣሪው ተመለሱና ፈገግ ለማለት ሞከሩ። «ይኸው ሠራ። እንግዲህ ጄኔቫ ጉዳይ የለኝም ማለት ነው።»

ሰዓዳ ጭንቅላቱን ነካ አደረገችው። ሞቅ ብሏል፤ መቼም የማይሞቅ ቻርጀር የለም። እጇን ቶሎ ሰበሰበች።

«ውይ አባዬ! ይሞቃል እኮ!»

እሳቸውም መጥተው ነኩት። ከዚያ ልጃቸውን ቀና ብለው ብዙ አዩዋት።

«ይሞቃል» አሉ።

ሰዓዳ ነቀለችና ጭንቅላቱን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። «ያንተ ግድግዳ አይታመንም። ለቅዳሜ ይዘሃት ና፣ ኮምፒውተሩ ላይ እንሰካታለን።»

ጋሽ ሐቢብ ማጫወቻዋን ቀስ ብለው በመሐረባቸው ጠቀለሉ።

«ብዬሽ ነበር» አሉ። «ግድግዳ ጨካኝ ነው ብዬሽ ነበር።»