የእትዬ ተሾመች ኮባ

እኔ ሰው ማመስገን የማይሆንልኝ ሴት ነኝ። ሳልጠይቀው መልካም ነገር የሚያደርግልኝ ሰው ሲያጋጥመኝ መጀመሪያ የሚመጣብኝ ንዴት ነው። "ማን ለመነህ?" ማለት ያምረኛል። ባለቤቴ ሃምሳ አለቃ ዋለ "ይመኙሻል ስጦታ ሲሰጧት እንደተሰደበ ሰው ታኮርፋለች" እያለ ለሰው ይነግርብኛል። እውነቱን ነው። ስለዚህ እትዬ ተሾመችን ሳመሰግን የሚሰማኝ ሰው ቢገረም አልፈርድበትም።

ከተማችን ከቦንጋ ወደ ሺሺንዳ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለች ትንሽ ከተማ ናት። የመንግሥት ስም አላት፤ የአውቶቡስ ረዳቶች ግን "ካምፕ ወራጅ አለ?" ነው የሚሉት። በደርግ ጊዜ የጦር ካምፕ ነበረች። ዙሪያዋን የድንጋይ ግንብ፣ በሩ ላይ የዘብ ቤት፣ መሀሏ የሰልፍ ሜዳ፣ ግንቡን ተጠግቶ ደግሞ የእኛ የወታደር ሚስቶች ጎጆ ነበረ። ዛሬ የዘብ ቤቱ የኸሊፋ ሱቅ ነው። የመኮንኖች ክበብ የነበረው ትምህርት ቤት ሆኗል። ከጫካው የሚወጣው ቡና፣ ማርና ኮረሪማ ድሮ ታንክ ይቆምበት በነበረው ቦታ ይጫናል። ሰው ሲበዛ፣ ቤት ሲቀጣጠል፣ ካምፑ ሳናውቀው ከተማ ሆነ።

በሰማንያ ሦስት ግንቦት ላይ ጦሩ ተበተነ። አብዛኛው ሰው ወደየአገሩ ሄደ። ዋለ ተሃድሶ ገብቶ ከርሞ፣ ከስቶና ጠቁሮ ተመለሰ። ወደ አገራችን ወደ መርሐ ቤቴ እንሂድ ስለው "ባዶ እጄን የአባቴን ደጅ አልረግጥም" አለኝ። አዲሶቹ የቀበሌ ሰዎች ቤተሰብ ይዘው ለቀሩት የሰልፍ ሜዳውን ቆርሰው ሰጡ። መሬቱን ግን የስንት ዘመን ቦቲ ጫማ ጠቅጥቆታል፤ ዶማው ሲያርፍበት እንደ ድንጋይ ይነጥራል። ዋለ ሲቆፍር ውሎ ማታ ውሃ የቋጠረ እጁን ያያል።

እትዬ ተሾመች ቤታቸው ከካምፑ በር ፊት ለፊት፣ ከመንገዱ ማዶ ነው። የከፋ ተወላጅ ናቸው፤ ባላቸው ሞተዋል፣ ልጆቻቸው ሩቅ አገር አግብተው እዚያው ቀርተዋል። የእኛ ወታደሮች አጥራቸውን ለማገዶ ነቅለውባቸዋል፣ ዶሮዎቻቸውም በየተራ ወጥ ሆነዋል። ስንወድቅ ደስ የሚላቸው እሳቸው ናቸው ብዬ ነበር። እሳቸው ግን አንድ ጠዋት ጎረቤቶቻቸውን በደቦ አሰባስበው፣ ዶማ አስይዘው፣ ያለፈቃዳችን ሜዳችን ላይ ወጡ። ከቀትር በፊት መሬቱን ገለበጡት። ከዚያ ከጓሯቸው የነቀሉትን የእንሰት ችግኝ በሸክም አመጡ። በከፋ ጎጆ ለሚወጣ ሰው ጎረቤቱ የእንሰት ችግኝ ይሰጠዋል፤ ያ ነው ወጉ። እኛ ልጅ ወልደን ያደርን ሰዎች ገና ጎጆ እንደወጣን ተቆጠርን።

ዋለ ችግኞቹን በገመድ ለክቶ በረድፍ ተከላቸው። ጠዋት ጠዋት ፊታቸው ቆሞ፣ እጁን ወደ ኋላ አድርጎ፣ ከረድፍ የወጣ ካለ ያያል። "ይኸኛው ትከሻውን ጥሏል" ይላል። ልጃችን ህይወት ከኋላው ሆና ትስቃለች።

መቼም የእኔ አገር ሰው እንሰትን የሚያውቀው በቅጠሉ ነው። ኮባ እንለዋለን፤ ድፎ ዳቦ ሲጋገር ከሥር ይነጠፋል፣ ከላይ ይሸፈንበታል፣ በቃ። የከፋ ሰዎች ከግንዱና ከሥሩ ቆጮ እንደሚያወጡ ሰምቻለሁ፣ ገበያም ላይ አይቻለሁ። ለእኔ ግን ምግብ ማለት እህል ነው። ጤፍ፣ ስንዴ፣ ሲከፋ በቆሎ። ግንድ የሚፋቅበትን ነገር ምግብ ብዬ ከቁጥር አላስገባሁትም፤ ቀምሼም አላውቅም።

እኔ የያዝኩት ሥራ ዳቦ ነው። ከኸሊፋ ዱቄት እወስዳለሁ፣ ድፎ እጋግራለሁ፣ አውቶቡስ ሲቆም ለመንገደኛ እቆርሳለሁ። ለዚህ በየቀኑ ኮባ ያስፈልጋል። ከራሴ ጓሮ ከመሀል ለጋ ለጋውን እየመረጥኩ እቆርጥ ነበር፤ ለጋው አይቀደድም፣ ለዳቦም ጥሩ ሽታ አለው።

አንድ ቀን እትዬ ተሾመች በአጥሩ በኩል ሲያልፉ አይተውኝ ቆሙ። አማርኛቸው ያኔ ብዙም አልነበረም። መሀሉን አትንኪ፣ ሕፃን ነው፣ ይቀጭጫል ለማለት ሞከሩ። እኔ ደግሞ ያን ቀን ዱቄቴ ሻግቶ ተናድጃለሁ። "እትዬ፣ የሰጡኝን ነገር ተመልሰው ሊያዙበት ነው?" አልኳቸው። አንገታቸውን ዝቅ አድርገው ሄዱ።

በማግስቱ ጠዋት በሬን ስከፍት ደጃፌ ላይ አንድ እስር ኮባ ተቀምጧል። ተወልውሏል፣ እንዳይሰነጠቅ በእሳት ተለብልቧል፣ በራሱ ልጥ ታስሯል። ማን እንዳመጣው መጠየቅ አያስፈልግም። ደሜ ፈላ። ቅጠል ያጣሁ መሰላቸው እንዴ ብዬ ልመልሰው ስነሳ ዋለ ያዘኝ። "ተቀበይ፣ ምን አለበት?" አለኝ። ቅጠሉ ደግሞ ከእኔው የተሻለ ነበር፤ ሰፊ፣ ለስላሳ። እያጉረመረምኩ ጋገርኩበት።

በማግስቱም መጣ። በሚቀጥለውም። ክረምት ከበጋ፣ እስሩ ከደጃፌ አልቀረም። እኔም የራሴን መቁረጥ ተውኩ። ለራሴ የሰጠሁት ምክንያት ምን ነበር መሰላችሁ? ጓሯቸው ሞልቶ ተርፎ የሚጥሉትን ነው የሚያመጡልኝ አልኩ። ሄጄ አላየሁም። የሰው ጓሮ ውስጥ መዞር አልወድም፤ በመንገድ ሲያገኙኝም "እንደምን አደሩ" ከማለት በላይ አልሄድኩም። እሳቸውም ስለ ቅጠሉ አንድ ቀን ትንፍሽ አላሉም።

ዘጠና ዓ.ም. ላይ ክፉ ቀን መጣ። ዋለ ቡና ሲጭን ከመኪና ላይ ወድቆ ጭኑ ተሰበረ። ወጌሻው አስሮት፣ አጥንቱ እስኪይዝ ከአልጋው እንዳይነሳ፣ በተለይ መኪና ላይ እንዳይወጣ፣ ከወጣ ዕድሜ ልኩን እንደሚያነክስ አስጠንቅቆን ሄደ። ያው ሰሞን ጎርፍ ድልድዩን ወሰደው። አውቶቡስ ቀረ፤ አውቶቡስ ሲቀር መንገደኛ የለም፣ ዳቦም የለም። የተከልነውን በቆሎ ዝንጀሮ ጨረሰው። ኸሊፋ የራሱም ዱቄት አልቆ ባዶ መደርደሪያ ይጠብቃል። ህይወት ከትምህርት ቤት ስትመጣ ምን እንበላለን ብላ መጠየቅ ትታ ዝም ብላ መተኛት ጀመረች። እሱ ነው አንጀቴን የቆረጠው።

ስለዚህ ወሰንኩ። ወንዙን በበቅሎ እንሻገራለን፣ ከማዶ መኪና እንይዛለን፣ ወንድሜ ጋ እንሄዳለን። ዋለ ቢያነክስ ያነክሳል፤ በረሃብ ከመሞት ይሻላል። እሱ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

እትዬ ተሾመችን ሳልሰናበት መሄድ ነውር ነው ብዬ ሄድኩ። ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ነበር። ልንሄድ መሆኑን ነገርኳቸው።

"ለምን?" አሉኝ።

"የምንበላው የለንም።"

ትክ ብለው አዩኝ። የምቀልድ መስሏቸው ነበር። ከዚያ እንዳልቀለድኩ ሲገባቸው ተነሡና እጄን ያዙኝ። በዚህ ሁሉ ዓመት እጄን ሲይዙኝ የመጀመሪያቸው ነው።

"ይመኙ፣ ጓሮሽ ሙሉ ምግብ ቆሞ?" አሉኝ። "ነገ እንመጣለን።"

በማግስቱ ሴቶቹን ይዘው መጡ። የዋለን አልጋ ወደ በረንዳው አወጣነውና በረድፍ የተከላቸው ሰልፈኞቹ አንድ በአንድ ሲወድቁ ተኝቶ አየ። ሲተክላቸው ከጉልበቱ የማይበልጡት እንሰቶች አሁን ከጣሪያችን በላይ ናቸው፤ ግንዳቸውን አንድ ሰው አቅፎ አይጨርሰውም። ሥራቸው ሲወጣ አንዱን ለሁለት ተሸከሙት። ከዚያ ላይ አሚቾውን፣ የሥሩን ሥጋ፣ ቆራርጠው ወዲያው ቀቀሉና ልጄን አስቀድመው አበሏት። ህይወት በላች፤ ደገመች። እኔም ቀመስኩ። ድንች ይመስላል፣ ከድንችም ይጣፍጣል። ያን ቀን የበላሁትን ያህል በልቼ አላውቅም።

የቀረው ተፍቆና ተጨምቆ ቆጮ እንዲሆን ይቀበራል። መሬቱ ለስላሳ የሆነበትን ሲፈልጉ ድሮ የባንዲራው እንጨት ተተክሎበት የነበረውን ቦታ አገኙና ጉድጓዱን እዚያ ቆፈሩ። ሁሉም እጁ ሥራ ላይ ሆነና አንድ መፋቂያ ሰሌዳ ጎደለ። እትዬ ተሾመች እኔን ላኩኝ፤ ጓሯቸው ውስጥ ከእንሰቱ ጋር ተደግፎ ቆሟል አሉኝ።

ጓሯቸው ገባሁ። ከገባሁ በኋላ ለምን እንደመጣሁ ጠፋኝ።

ሞልቶ ተርፏል ያልኩት ጓሮ ከእኔው ያነሰ ነው። እንሰቶቹ ቀጭን ናቸው፣ አጭር ናቸው፣ ከአንዱ በቀር የእኔን ወገብ የሚያክል ግንድ ያለው የለም። ቅጠላቸው ከሥር እስከ ላይ ተቆርጧል፤ የተቆረጠበት ጠባሳ አንዳንዱ ያረጀ፣ አንዳንዱ የትናንት ነው። ቅጠል ያጣ እንሰት ሥር እንደማይሰድ ያኔ ማንም ሊነግረኝ አላስፈለገም። የእኔዎቹ ጣሪያ አልፈው የሄዱት ዋለ በረድፍ ስለተከላቸው አይደለም። እሳቸው የራሳቸውን እየመለመሉ ስላመጡልኝ ነው። ዳቦዬ ሁሉ የተጋገረው በዚህ ጓሮ ላይ ነው።

ሰሌዳውን ይዤ ተመለስኩ። ሴቶቹ መሀል ሄጄ ፊታቸው ቆምኩ።

"እትዬ፣ ለምን አልነገሩኝም?"

"ነግሬሽ ነበር፤ ተቆጣሽ" አሉኝ። ሴቶቹ ሳቁ። እሳቸው ግን መፋቃቸውን ሳያቋርጡ ቀጠሉ። "እኛ ጋ ችግኝ የሰጠ ሰው ችግኙን ተመልሶ አያዝበትም። አንቺ ያልሽው ልክ ነበር። ግን ዳቦ ካልጋገርሽ ልጅሽ ዛሬ ምን ትበላለች? እንሰቱ ካላደገ ነገ ምን ትበላለች? ቅጠሉ ከእኔ ይሁን አልኩ።"

"እርስዎስ?"

"እኔ አንድ አፍ ነኝ።"

"እግዜር ይስጥልኝ" ለማለት አፌን ከፈትኩ፤ ቃሉ ሳይወጣ ልቅሶው ቀደመኝ። ዋለ ከአልጋው ላይ "እሰይ፣ ዛሬስ አመሰገነች" አለ። እሱም ዓይኑን በብርድ ልብሱ ይጠርጋል። እትዬ ተሾመች ሰሌዳውን ከእጄ ወስደው አጠገባቸው ቦታ ለቀቁልኝና እንዴት እንደሚፋቅ አሳዩኝ። ተቀምጬ ፋቅሁ። አልሄድንም።

ድልድዩ ተጠግኖ አውቶቡስ እንደገና በጀመረ ሰሞን የዋለ አጥንት ይዞ በምርኩዝ መሄድ ጀምሮ ነበር። ኸሊፋም ዱቄት አስመጣ። የመጀመሪያውን ዳቦ ልጋግር ስል ገና ጎህ ሲቀድ ተነሣሁ። ከጓሮዬ ሳይቆረጡ ከቀሩት ጎልማሳ እንሰቶች፣ መሀላቸውን ሳልነካ፣ አንድ ሸክም ኮባ ቆረጥኩ። ለእሳቸው ደጃፍ ነው። የቆጮ ጉድጓዳቸውን ይሸፍኑበት፣ ይሽጡት፣ የፈለጉትን ያድርጉት። ሁለተኛ የእሳቸው እንሰት በእኔ ምክንያት አንድ ቅጠል እንዳይቆረጥበት ብዬ ነው የቀደምኩት።

አልቀደምኩም። ካምፑ በር ላይ ስደርስ፣ ሁለቱ የድንጋይ ምሰሶዎች መሀል፣ እትዬ ተሾመች እስራቸውን ተሸክመው ይመጣሉ። ሁለታችንም ኮባችንን እንደተሸከምን ቆምን።

ዋለ በምርኩዙ ተከትሎኝ ወጥቶ ኖሮ ከኋላዬ ያን የድሮ የዘብ ድምፁን አወጣ። "ቁም! ማነህ?" አለ።

እትዬ ተሾመች ያን ድምፅ ከነመልሱ ስንት ዓመት ከመንገዱ ማዶ ሰምተዋል፤ በዚያ ድምፅ ሲታዘዝ አጥራቸው ሲነቀል አይተዋል። ምሰሶውን ደገፍ ብለው ሸክማቸውን አስተካከሉ።

"ወገን ነኝ" አሉ።

ዋለ ምርኩዙን ወደ ጎን ጥሎ እንደ ወታደር ቀጥ ብሎ ሰላምታ ሰጣቸው። እኔ የእሳቸውን እስር ተቀበልኩ፣ የእኔን አሸከምኳቸው፣ ከዚያም ቤቴ ገብቼ ሊጡን አቦካሁ።